ክሮሚየምን ከውኃ የማውጣት ታሪክና የድሬዳዋ የከርሰ ምድር ውኃ

መግቢያ

የውኃ ብክለት ሲነሣ በጤና ባለሙያ ሐሳብ ውስጥ ቀድመው የሚመጡት ተቅማጥ፣ ታይፎይድና ኮሌራ ናቸው። ይህም ተገቢ ነው፤ በውኃ የሚተላለፉ ተላላፊ በሽታዎች የኢትዮጵያን ሕፃናት ለብዙ ዘመን ሲቀጥፉ ኖረዋል። ሆኖም ውኃ የሚያስከትለው ጉዳት ሁሉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱን የሚገልጥ አይደለም። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ ሳይሸቱ፣ ሳያደፈርሱና ጣዕም ሳይለውጡ ለዓመታት ከውኃው ጋር የሚጠጡ መርዞች አሉ። እነዚህን ማፍላትም ሆነ ክሎሪን አያስወግዳቸውም። ከመካከላቸው አንዱ ክሮሚየም የተባለው ብረት አስተኔ ንጥረ ነገር ነው።

ክሮሚየም ለኢንዱስትሪው ዓለም ትልቅ ባለውለታ ነው። ቆዳ ይለፋበታል፣ ብረት ከዝገት ይጠበቅበታል፣ ቀለም ይሠራበታል፤ በሲሚንቶ ውስጥም ሳይፈለግ ይገኛል። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ የሆነው ታሪኩ የሚያስተምረው ዐቢይ ቁም ነገር ግን አንድ ነው። ክሮሚየምን ከፋብሪካው የፍሳሽ ቧንቧ ላይ ማስቀረት የሰዓታት ሥራ ሲሆን፣ አንድ ጊዜ ወደ ከርሰ ምድር ከወረደ በኋላ መልሶ ማውጣት የትውልድ ሥራ ይሆናል። ይህ ትምህርት የመጠጥ ውኃዋን ከጉድጓድ ቀድታ ለምትኖረው ለድሬዳዋ ከማንኛውም የኢትዮጵያ ከተማ ይልቅ ይመለከታል።

ባቡር የቆረቆራት ከተማና ከሥሯ ያለው ውኃ

ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ ወደ ሐረር ተራሮች እንዲወጣ ማድረጉ እጅግ አድካሚና ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሆኖ በመገኘቱ፣ መሥመሩ ከተራራው ግርጌ በደቻቱ አሸዋማ ሸለቆ በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። ሐዲዱ በታኅሣሥ ወር 1895 ዓ.ም. ከሥፍራው ሲደርስ በመጀመሪያ «አዲስ ሐረር» የተባለችው፣ በኋላም ድሬዳዋ በሚለው ስሟ የጸናችው ከተማ ተቆረቆረች። ከዚራና መጋላ በደቻቱ ግራና ቀኝ አደጉ። የሐረርጌ ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር የሚጓዘው በዚህች ከተማ በኩል ሆነ። የምድር ባቡሩ ዋና የጥገና ወርክሾፕም የተቋቋመው በዚሁ ነበር።

በጣሊያን ወረራ ዘመን የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የሲሚንቶ ፋብሪካ በድሬዳዋ ተተከለ። ለሲሚንቶ የሚሆነው የኖራ ድንጋይ በአካባቢው ሞልቶ ስለነበር የቦታው ምርጫ እንዲያው የተደረገ አልነበረም። ከዚያው ዘመን አንሥቶ የተስፋፋው የጨርቃ ጨርቅ ሥራ ደግሞ ከተማዋን ከአዲስ አበባ ቀጥሎ ከሚጠቀሱት የኢንዱስትሪ ማዕከላት አንዷ አደረጋት። በቅርቡ ዘመንም የኢንዱስትሪ ፓርክ ተገንብቶላት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የአገሪቱ የመጀመሪያው የነፃ ንግድ ቀጠና በዚያ ተመርቋል።

ይህ ሁሉ ሲሆን የከተማዋ ውኃ ከየት መጣ? ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ናት። በዓመት የምታገኘው ዝናብ ከ600 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ደቻቱ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ አይደለም፤ ለብዙ ወራት አሸዋ ብቻ ሆኖ ይከርምና ተራራው ላይ ዝናብ ሲጥል ድንገት ይሞላል። ከሐምሌ 29 ለ30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰዎችን የገደለው በዚሁ ጠባዩ ነው። ስለዚህ የከተማዋ ቋሚ ስንቅ ከመሬት በታች ያለው ውኃ ሆነ። በደቡብ በኩል በሚገኙት ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የሚዘንበው ዝናብ በኖራ ድንጋይና በአሸዋ ድንጋይ ስንጥቆች እየሰረገ ወደ ሸለቆው ይወርዳል፤ እዚያም በአሸዋና በጠጠር ንብርብር ውስጥ ይጠራቀማል። ሳቢያን በተባለው ሥፍራ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ለረጅም ዘመን የከተማዋ ዋና የውኃ ምንጭ ሆነው አገልግለዋል።

እንዲህ ያለው ውኃ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛው፣ በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ የሚሄድ ውኃ በአፈር ውስጥ ቀስ ብሎ እንደሚያልፈው ውኃ አይጣራም፤ ከላይ የተጣለበትን ይዞ ይወርዳል። ሁለተኛው፣ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝ በሌለበት አገር ፍሳሽን የሚያቀጥንና የሚያርቅ ነገር አይገኝም፤ መሬት ላይ የፈሰሰ ነገር የመጨረሻ ማረፊያው ያው የመጠጥ ውኃ የሚቀዳበት ከርሰ ምድር ነው።

የክሮሚየም መታወቅና የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች

ክሮሚየምን እ.ኤ.አ. በ1797 ከሳይቤሪያ በመጣ ቀይ ማዕድን ውስጥ ያገኘው ፈረንሳዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሉዊ ኒኮላ ቮክላን ነው። ውሁዶቹ ቢጫ፣ ቀይ፣ ብርቱካንማና አረንጓዴ መልክ ስለሚያሳዩ «ቀለም» ከሚለው የግሪክ ቃል ስም ወጣለት። ብዙ ጊዜ ሳይቆይም በአውሮፓ የቀለምና የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካዎች ውስጥ ገባ።

ጉዳቱም አብሮ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1827 የግላስጎው ሐኪም ዊልያም ኩሚን በባይክሮሜት በሚሠሩ ሰዎች እጅ ላይ ጥልቅና በቶሎ የማይድን ቁስል መኖሩን መዘገበ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥርተ ዓመታት የአፍንጫ መሐል ግድግዳ መበሳት የክሮሜት ሠራተኞች የተለመደ ምልክት ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1890 ኒውማን የተባለ ስኮትላንዳዊ ሐኪም በአንድ የክሮም ቀለም ሠራተኛ አፍንጫ ውስጥ የታየ ካንሰር ገለጸ። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ1936 የክሮሜት ሠራተኞች የሳምባ ካንሰር ከሥራ ጋር የተያያዘ በሽታ ሆኖ ታወቀ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ1990 ክሮሚየም ስድስትን ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው ነገሮች ተራ መደበው።

እዚህ ላይ ሁለቱን የክሮሚየም ዓይነቶች መለየት ያስፈልጋል። ክሮሚየም ሦስት በውኃ ውስጥ በአብዛኛው የማይሟሟ፣ ከአፈር ጋር የሚጣበቅ፣ ወደ ሕዋስም በቀላሉ የማይገባ ነው። ክሮሚየም ስድስት ግን በውኃ ይሟሟል፤ በቅርጹ ከሰልፌት ጋር ስለሚመሳሰል ሰልፌት በሚገባበት በር ወደ ሕዋስ ይዘልቃል፤ ውስጥ ገብቶ ወደ ክሮሚየም ሦስት ሲለወጥም ዲ.ኤን.ኤ.ን ይጎዳል። ሁለቱ አንድ ንጥረ ነገር ሆነው ሳለ በመርዝነታቸው ሰማይና ምድር ናቸው። ክሮሚየምን ከውኃ የማውጣት ጥበብ ሁሉ የተመሠረተው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ሲሚንቶ፣ ባቡርና ቆዳ

ለድሬዳዋ ቅርብ የሆኑት ሦስቱ ሙያዎች፣ ማለትም ሲሚንቶ፣ ባቡርና ቆዳ፣ በክሮሚየም ታሪክ ውስጥ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው።

በግንበኞችና በለሳኞች እጅ ላይ የሚወጣው ግትር የቆዳ ብግነት ለብዙ ዘመን በሲሚንቶ ማቃጠል ብቻ ይመካኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1950 የስዊስ ተመራማሪዎች የአለርጂው ምክንያት በሲሚንቶ ውስጥ በጥቂቱ የሚገኘው ክሮሚየም ስድስት መሆኑን አሳዩ። በጥሬ ዕቃው ውስጥ ያለው ክሮሚየም በምድጃው ከፍተኛ ሙቀትና በኖራው አልካሊነት የተነሣ ወደ ስድስት ይለወጣል፤ ሲሚንቶው በውኃ ሲቦካ ደግሞ ይሟሟና ቆዳን ዘልቆ ይገባል። ዴንማርክ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥታ በሲሚንቶ ላይ ፌረስ ሰልፌት እንዲጨመር አደረገች። የአውሮፓ ኅብረትም ከ2005 ጀምሮ በአንድ ኪሎ ግራም ሲሚንቶ ውስጥ የሚሟሟ ክሮሚየም ስድስት ከ2 ሚሊ ግራም እንዳይበልጥ ወሰነ። ፌረስ ሰልፌት በጤና ጣቢያ ለደም ማነስ የሚታደለው የብረት እንክብል ዋነኛ ንጥረ ነገር ነው፤ ይኸው ርካሽ ጨው ክሮሚየም ስድስትን ወደ ክሮሚየም ሦስት ይመልሰዋል።

የባቡሩም ነገር እንዲሁ ነው። በእንፋሎት የሚሄዱ ባቡሮች በናፍጣ ባቡሮች ሲተኩ የሞተሩን ማቀዝቀዣ ውኃ ከዝገት ለመጠበቅ በብዙ አገሮች ክሮሜት ይጨመርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 የአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የናፍጣ ባቡሮችን በሚጠግኑ ሠራተኞች ላይ የታየውን የክሮሜት የቆዳ ብግነት አውጥቷል። አሮጌ የባቡር ወርክሾፕ፣ ጋራዥና የብረት ቅብ ቤት በሚገኝበት ማንኛውም ከተማ የአፈሩን ታሪክ መጠየቅ የሚገባው በዚህ ምክንያት ነው።

ቆዳን በክሮሚየም ማልፋት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1884 ኦገስተስ ሹልትዝ በአሜሪካ ባስመዘገበው ፈጠራ ነው። የእርሱ ዘዴ ክሮሚየም ስድስትን ይጠቀም ነበር። ማርቲን ዴኒስ በ1893 ያመጣው የአንድ ገንዳ ዘዴ ግን በቀጥታ በክሮሚየም ሦስት ስለሚሠራ ቀስ በቀስ ቦታውን ያዘ፤ ዛሬም በቆዳ ፋብሪካ ውስጥ የሚገኘው በአብዛኛው ይኸው ክሮሚየም ሦስት ነው። ችግሩ ቆዳው ከገንዳው ክሮሚየም ሁሉንም አለመምጠጡ ነው። በተለመደው አሠራር ከክሮሚየሙ ሲሶ ያህሉ ከፍሳሹ ጋር ይወጣል።

በመጠጥ ውኃ ውስጥ፦ ከጂንጆው እስከ ሒንክሊ

እ.ኤ.አ. እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ የክሮሚየም ጉዳት የሠራተኛው ጉዳይ ብቻ ሆኖ ይታይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ1958 ባወጣው የመጠጥ ውኃ ደረጃ የክሮሚየም ስድስትን ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም አደረገ። በ1984 ቁጥሩ ለጠቅላላው ክሮሚየም እንዲሆን ተደረገ፤ በ2020 በተደረገው ክለሳም እንደጸና ቀርቷል። የኢትዮጵያ የመጠጥ ውኃ ደረጃም የያዘው ይህንኑ ልክ ነው።

በቻይና ሊያዎኒንግ ክፍለ አገር በጂንጆው ከተማ አጠገብ የነበረ የክሮሚየም ማቅለጫ ፋብሪካ ዝቃጩን በገላጣ መሬት ላይ ይከምር ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ በአቅራቢያው ያሉት መንደሮች የጉድጓድ ውኃ ቢጫ ሆነ። በ1987 የወጣ ጥናት በእነዚህ መንደሮች የካንሰር ሞት ከፍ ማለቱን አመለከተ። በ1997 ግን በዚያው ተመራማሪ ስም ግንኙነቱን የሚያስተባብል ሌላ ጽሑፍ ታተመ። በጽሑፉ ዝግጅት ውስጥ በክሮሚየም ጉዳይ የተከሰሰ ኩባንያ የቀጠረው አማካሪ ድርጅት እጅ እንደነበረበት፣ ይህም ሳይገለጽ መቅረቱ ሲታወቅ መጽሔቱ በ2006 ጽሑፉን ሰረዘው። በ2008 የካሊፎርኒያ ተመራማሪዎች መረጃውን እንደገና ሲተነትኑት በተበከሉት መንደሮች የጨጓራ ካንሰር ሞት ከፍ ብሎ አገኙት። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ብሔራዊ የመርዝ ጥናት መርሐ ግብር በውኃቸው ክሮሚየም ስድስት የተጨመረባቸው አይጦች በአፍና በትንሹ አንጀት ካንሰር እንደያዛቸው አስታወቀ። ለሕክምና መጽሔት አንባቢ ከመርዙ ታሪክ ባልተናነሰ የመረጃው ታሪክ ትምህርት አለው።

በካሊፎርኒያ ሒንክሊ በተባለች መንደር አንድ የጋዝ ኩባንያ ከ1952 እስከ 1966 ማቀዝቀዣዎቹን ከዝገት ለመጠበቅ የተጠቀመበትን ክሮሜት ያዘለ ውኃ ወለላቸው ባልተለበጠ ኩሬዎች ውስጥ ይለቅ ነበር። ብክለቱ የታወቀው በ1987 ነው። ኩባንያው በ1996 ለነዋሪዎች 333 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ከፍርድ ቤት ውጭ ተስማማ። ማጽዳቱ ግን በገንዘብ አላለቀም። ኤታኖል ወደ ከርሰ ምድር በማስገባት ባክቴሪያዎች ክሮሚየም ስድስትን እንዲለውጡ ይደረጋል፤ የተበከለው ውኃ በፓምፕ እየወጣ አልፋልፋ ይጠጣበታል። የአሥራ አራት ዓመት ፍሳሽ ብክለቱ ከታወቀ ከሠላሳ ዓመታት በላይ ተደክሞበትም ተጠርጎ አላለቀም። የግላስጎውም ታሪክ እንዲሁ ነው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቋቋመው የክሮሚየም ፋብሪካ በ1960ዎቹ ቢዘጋም፣ የተቀበረው ዝቃጭ ያለበት አካባቢ ጅረት በ2019ና በ2021 አረንጓዴ ሆኖ ታይቷል።

ክሮሚየምን ከውኃ የማውጣት ጥበብ

ክሮሚየም ንጥረ ነገር በመሆኑ አይቃጠልም፣ አይበሰብስም፣ ወደ ሌላ ነገርም አይለወጥም። ማድረግ የሚቻለው መርዛማውን ዓይነት ወደ ለዘብተኛው መለወጥና ከውኃው መለየት ብቻ ነው።

የመጀመሪያውና የቆየው ዘዴ ለውጦ ማዝቀጥ ነው። ፍሳሹ በአሲድ ወደ ፒ.ኤች. 2 ወይም 3 ይወርዳል፤ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ወይም ሶዲየም ሜታባይሰልፋይት ሲጨመርበት ብርቱካንማው መልክ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ይህም ክሮሚየም ስድስት ሦስት መሆኑን ያሳያል። ከዚያ ኖራ ተጨምሮ ፒ.ኤች. ወደ 8 ወይም 9 ሲወጣ ክሮሚየሙ አረንጓዴ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀራል። ሥራው በአንድ ቀን የሚያልቅ፣ ኬሚካሎቹም በገበያ የሚገኙ ናቸው። በፌረስ ሰልፌት የሚደረገው ዘዴ ደግሞ ውኃውን አሲድ ማድረግ ሳያስፈልገው ስለሚሠራ መጠነኛ ክሮሚየም ላለበት የጉድጓድ ውኃ ተስማሚ ነው።

ሁለተኛው ወገን መለየት ነው። የአዮን ልውውጥ ሬንጅ ክሮሜትን ይዞ በምትኩ ጉዳት የሌለውን ክሎራይድ ይለቃል። ሪቨርስ ኦስሞሲስ የተባለው ስስ ገለፈት ውኃውን አሳልፎ ክሮሚየሙን ያስቀራል። ሁለቱም የሚያጠሩት ውኃ ንጹሕ ቢሆንም ክሮሚየሙን በጥቂት ውኃ ውስጥ አከማችተው ይተውታል፤ ያ የተከማቸው ነገር ደግሞ መድረሻ ይፈልጋል። ኤሌክትሪክና የተማረ ባለሙያ ሳይጓደል መኖሩም ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ከርሰ ምድሩን ራሱን ማከም ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአሜሪካ ሰሜን ካሮላይና በኤልዛቤት ሲቲ፣ ከብረት ቅብ ቤት የወጣ ክሮሜት ወደ ወንዝ ሲያመራ በመንገዱ ላይ 46 ሜትር ርዝመት፣ 7.3 ሜትር ጥልቀትና 0.6 ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ፍቅፋቂ ግድግዳ ከመሬት በታች ተሠራ። ውኃው ያለ ፓምፕ በግድግዳው ውስጥ ሲያልፍ ብረቱ እየዛገ ክሮሚየም ስድስትን ወደ ሦስት ይለውጣል፤ ክሮሚየሙም እዚያው ይቀራል። ዘዴው ግሩም ቢሆንም የሚሠራው ውኃው በአሸዋ ውስጥ በታወቀ አቅጣጫ በዝግታ ሲሄድ ነው። በኖራ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ በየአቅጣጫው የሚሮጥ ውኃ በግድግዳ አይያዝም።

ከሁሉም ዘዴ በኋላ የሚቀር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ዝቃጩ ነው። ክሮሚየም ሦስት ያዘለ ዝቃጭ ከኖራ ጋር ደርቆ በእሳት ከተቃጠለ መልሶ ክሮሚየም ስድስት ሊሆን ይችላል። በአፈር ውስጥ ያለ የማንጋኒዝ ኦክሳይድም ይህንኑ ለውጥ ያመጣል። ውኃን አጽድቶ ዝቃጩን ሜዳ ላይ መጣል ዕዳውን ማዘግየት እንጂ መክፈል አይሆንም።

የኢትዮጵያ ድርሻ

በኢትዮጵያ ቆዳን በዕፀዋት ማልፋት ጥንታዊ ሙያ ነው። ክሮሚየም የመጣው ከዘመናዊ ፋብሪካዎች ጋር ሲሆን እነርሱም በአብዛኛው በአቃቂ ወንዝ ተፋሰስ፣ በሞጆ፣ በኮምቦልቻና በባሕር ዳር ተተከሉ። ሞጆ ወንዝ ወደ ቆቃ ይገባል፤ በአቃቂ ወንዞች ዳር ደግሞ የአዲስ አበባ አትክልት ይለማል። እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የወጣ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የሚበቅሉትን ቅጠላ ቅጠሎች የብረት አስተኔ ይዘት መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 መንግሥት በጥሬና በከፊል በለፋ ቆዳ ላይ ከፍተኛ የውጭ ንግድ ቀረጥ ጣለ። ዓላማው እሴት ጨምሮ መሸጥ ነበር፤ ነገር ግን ቆዳው በአገር ውስጥ በተዘጋጀ ቁጥር ፍሳሹም የአገር ውስጥ ጉዳይ መሆኑ አልቀረም።

ሕጉም ተከትሎ መጥቷል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 በካይን ተጠያቂ ያደርጋል፤ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ደግሞ ፕሮጀክቶች ከመጀመራቸው በፊት የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ እንዲደረግ ያዛል። የምርምሩም ወገን አልተኛም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ያሉበት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2004 የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽን በሥነ ሕይወታዊ ዘዴ በማከም ላይ ያደረገውን ሙከራ አሳትሟል። በ2018 ደግሞ አገኘሁ አለሙ፣ ብሩክ ለማና ባልደረቦቻቸው በአገሪቱ ሞልቶ የሚገኘው ባለ ቀዳዳ ባዛልት ክሮሚየም ስድስትን ከውኃ ይዞ የማስቀረት ችሎታ እንዳለው አሳይተዋል። እንዲህ ያለው ድንጋይ ክሮሚየሙን በደንብ የሚይዘው ውኃው አሲድነት ሲኖረው ነው። ስለዚህ ለፋብሪካ ፍሳሽ ተስፋ የሚሰጥ ቢሆንም አልካሊነት ላለው የጉድጓድ ውኃ እንዳለ የሚገለበጥ መፍትሔ አይደለም።

ናይትሬት ያሳየው መንገድ

የድሬዳዋ የታወቀ የከርሰ ምድር ውኃ ችግር ክሮሚየም አይደለም፤ ናይትሬት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የተደረጉ ጥናቶች በከተማዋ ክልል ውስጥ ካሉ ጉድጓዶች የተወሰኑት የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው በሊትር 50 ሚሊ ግራም በላይ ናይትሬት እንደያዙ አሳይተዋል። ዋናው ምንጭ የጉድጓድ መጸዳጃ ቤትና የቤት ፍሳሽ ነው። ከተማዋ ስትሰፋ በአንድ ወቅት ከዳር የነበረው የሳቢያን የጉድጓዶች ሥፍራ በመኖሪያ ቤቶች ተከበበ። ከተማ ጥላሁንና ብሮደር መርክል እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተሙት ጥናት የድሬዳዋ ከርሰ ምድር ውኃ ለብክለት ያለውን ተጋላጭነት በካርታ ለማሳየት የሞከረው ይህን ሥጋት ይዞ ነው።

ናይትሬት በጡጦ በሚያድጉ ጨቅላ ሕፃናት ላይ የደምን ኦክስጅን የመሸከም አቅም ስለሚያውክ በራሱ አሳሳቢ ነው። ለዚህ ታሪክ ግን ሌላ ትርጉምም አለው። ናይትሬትና ክሮሜት በኬሚስትሪ ጠባያቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላላቸው ያው ቻርጅ ያለው የሸክላ አፈር አይዛቸውም። ሁለቱም ኦክስጅን ባለበት ውኃ ውስጥ ሳይለወጡ ይኖራሉ። የብረት ኦክሳይድ ያለው አፈር ክሮሜትን በመጠኑ ሊይዘው ይችላል፤ ይሁንና ውኃው የኖራ ድንጋይን አልካሊነት ይዞ ሲመጣ ያ አያያዝ ይላላል። ስለዚህ ናይትሬት በገባበት መንገድ ክሮሜትም ሊገባ ይችላል። የናይትሬቱ ጥናት የመጸዳጃ ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ በከተማዋ ላይ የሚፈስ ማንኛውም የሚሟሟ መርዝ ወደ ጉድጓዱ ለመድረስ ክፍት መንገድ እንዳለው የሚያስረዳ ማስረጃም ነው።

ልዩነቱ አንድ ነው። ናይትሬት በየቤቱ ከሚገኝ አንድ ሺህ ምንጭ ይመጣል፤ ምንጩን መድፈን የከተማዋን የፍሳሽ ሥርዓት መለወጥን ይጠይቃል። ክሮሚየም ግን የሚመጣው ከታወቁ በሮች ነው፦ ከብረት ቅብ ቤት፣ ከቆዳ ማዘጋጃ፣ ከማቅለሚያ ክፍል፣ ከአሮጌ ወርክሾፕ። በሮቹ ጥቂትና የሚታወቁ ስለሆኑ ገና ሳይከፈቱ መዝጋት ይቻላል።

ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው

ክሊኒክ ውስጥ ክሮሚየም ቀድሞ የሚታየው በቆዳ ላይ ነው። እጁ እየተሰነጠቀና እያሳከከ ሲመለስ የኖረ ግንበኛ ቅባት ከመታዘዙ በፊት ስለ ሥራው መጠየቅ ይገባዋል። የአፍንጫ መሐል ግድግዳው የተበሳ ወይም በሥራ ቀናት ብቻ አስም የሚነሣበት የብረት ቅብ ሠራተኛም እንዲሁ። አንድ ሠራተኛ በሽተኛ ሆኖ ሲመጣ የሥራ ቦታው ፍሳሽ የት እንደሚሄድ መጠየቅ የሕክምናው አካል ነው፤ የሠራተኛው እጅ ብዙ ጊዜ ከጉድጓዱ ውኃ ቀድሞ ይናገራልና።

ስለ ውኃው የሚሰጠው ምክርም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ማፍላት ክሮሚየምን አያጠፋም፤ ውኃው በእንፋሎት ሲቀንስ እንዲያውም ያከማቸዋል። እንደ ውኃ አጋር ያሉ ክሎሪን አዘል መድኃኒቶች ተሕዋስያንን ለመግደል አስፈላጊ ቢሆኑም ክሮሚየምን አያስወግዱም፤ ክሎሪን ክሮሚየም ሦስትን ወደ ስድስት ሊለውጥም ይችላል። ይህ ማለት ክሎሪን ይቅር ማለት አይደለም፤ የተቅማጥ ሥጋት ቅርብና ገዳይ ነውና። ክሮሚየም የተገኘበት ጉድጓድ ግን መፍትሔው ሌላ ምንጭ መፈለግ ወይም በባለሙያ የሚመራ የማጣሪያ ተቋም መሥራት ነው። ቢጫነት የሚታየው ክሮሚየሙ ከተፈቀደው ልክ ብዙ እጥፍ ሲሆን ብቻ ስለሆነ የውኃው ጥራት ለዓይን ዋስትና አይሆንም። ምርመራው ከባድ አይደለም፤ ዳይፊኒልካርባዛይድ የተባለው ኬሚካል ከክሮሚየም ስድስት ጋር ሲገናኝ የሐምራዊ መልክ ይሰጣል፤ መጠኑም በቀለም መለኪያ ይነበባል። የውኃ ናሙና ለባክቴሪያና ለናይትሬት በሚላክበት ጊዜ ይህም እንዲታከል መጠየቅ ለጤና ቢሮ የሚከብድ አይሆንም።

ማጠቃለያ

ከግላስጎው እስከ ሒንክሊ ያለው ታሪክ እንደሚያሳየው ክሮሚየምን ከውኃ የማውጣት እውቀት ጠፍቶ አያውቅም፤ የጠፋው በጊዜው መጠቀም ነው። አንድ ከረጢት ፌረስ ሰልፌትና አንድ ከረጢት ኖራ በፋብሪካው ግቢ ውስጥ የሚሠሩትን ሥራ፣ ክሮሚየሙ መሬት ከገባ በኋላ ሚሊዮን ዶላሮችና አሥርተ ዓመታት ላይፈጽሙት ይችላሉ። ድሬዳዋ የሲሚንቶ፣ የባቡርና የኢንዱስትሪ ከተማ ሆና ስትኖር የጠጣችው ከእግሯ ሥር ያለውን ውኃ ነው፤ የሚተካው ወንዝ የላትም። በነፃ ንግድ ቀጠናውም ሆነ ከዚያ ውጭ አዲስ ሥራ ሲከፈት የጤና ባለሙያው በግምገማው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ስለ ፍሳሹ፣ ስለ ዝቃጩና ስለ ጉድጓዱ ርቀት መጠየቁ ከሕክምና ሥራው የተለየ ተግባር አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ብሂል በሌላ መስክ ምክር ሊሆን ይችላል፤ በከርሰ ምድር ውኃ ረገድ ግን ብቸኛው ሕክምና እርሱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።